የደሙ ባለቤት ማን ነው? በሞት ቅጣት ላይ የሚቀርቡ የድጋፍና የተቃውሞ ሙግቶች ሲመዘኑ

የጥያቄው መነሻ

በነሐሴ ወር 2016 ዓ.ም. የባሕር ዳር ስም በአገሪቱ ሁሉ በሐዘን ተነሣ። ከዓመት በፊት በከተማዋ አንዲት የሰባት ዓመት ሕፃን ተደፍራ ተገድላ ነበር። ጥፋተኛው በ25 ዓመት ጽኑ እስራት መቀጣቱንና የእናቲቱን እሮሮ ሰፊው ሕዝብ የሰማው ግን በዚያ ነሐሴ ነው። «ቅጣቱ አነሰ» የሚለው ቁጣ ከከተማ ከተማ ተዛመተ፤ ብዙዎችም «ሞት ይፈረድበት» አሉ። በፔዳ አካባቢ በምናስተምርባቸው ደርሶች ጥያቄው ውሎ ሳያድር ደረሰን። ከተማሪዎቻችን አንዱ «ኡስታዝ፣ ቂሷስ በቁርኣን የተደነገገ ከሆነ ኢማሞቻችን ስለ ምን ዝም ይላሉ?» ሲል ጠየቀ። ሌላው ቀበል አድርጎ «አላህ ዐፍውን የሚወድ ከሆነ ሙስሊም እንዴት የሰው ሞት ይለምናል?» አለ። ሁለቱም ከቁርኣን ማስረጃ ይዘው ነበር፤ ሁለቱም ግን አንድ ነገር ሳያስተውሉ አልፈዋል።

ይህ ጽሑፍ ያ የታለፈው ነገር ምን እንደ ሆነ ለማሳየት ይሞክራል። የሞት ቅጣት ይጽና ወይም ይሻር የሚል ፈትዋ መስጠት የእኛ ድርሻ አይደለም። የተነሣነው በሚንበርና በክፍል የሚደጋገሙትን የድጋፍና የተቃውሞ ማስረጃዎች አንድ በአንድ አንሥተን ለመመዘን ነው። የምንደርስበትን ከወዲሁ ለመናገር ያህል፣ ሸሪዓ በነፍስ ጉዳይ «ይገደል ወይስ አይገደል?» ከማለቱ በፊት «የደሙ ባለቤት ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ይህን ጥያቄ የዘለለ ሙግት፣ ለመግደል የቀረበም ሆነ ለመማር፣ መሠረቱ የላላ ነው።

ሦስት የተለያዩ ነገሮች

በዕለት ንግግራችን ሦስት ነገሮች ይደባለቃሉ። የመጀመሪያው ደም መመለስ ነው። በጎጃምም ሆነ በጎንደር ያደገ ሰው ትርጉሙን አሳምሮ ያውቀዋል። ወንድሙ የተገደለበት ሰው ገዳዩን ያድናል፤ ገዳዩ ቢታጣ ወንድሙን ወይም ዘመዱን ይገድላል፤ ደሙም ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። ሁለተኛው የሞት ቅጣት ነው፤ መንግሥት በራሱ ሕግና በራሱ ፍርድ ቤት የሚወስነው፣ በራሱ እጅ የሚፈጽመው ወይም የሚተወው ነው። ሦስተኛው ቂሷስ ነው።

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የታተመው የአማርኛ የቁርኣን ትርጉም ቂሷስን «ማመሳሰል» ይለዋል። ይህ የቃል ምርጫ ሊጤን ይገባዋል። ማመሳሰል ልክን ይናገራል፤ ለአንድ ነፍስ አንድ ነፍስ እንጂ ሁለት የለም፤ ተጠያቂው ገዳዩ ነው እንጂ ዘመዱ አይደለም። ሙፈሲሮች በሱረቱ አል-በቀራ አንቀጽ 178 ላይ እንደሚያስታውሱት፣ ከእስልምና በፊት ክብራችን ከሌላው ይበልጣል የሚሉ ጎሳዎች ለባሪያቸው ነጻውን፣ ለሴታቸው ወንዱን ካልገደልን ይሉ ነበር። አንቀጹ የወረደው ይህን ትዕቢት ለመስበር ነው። በዚያው አንቀጽ የሟች ወገን ይቅር ቢል ካሣው በመልካም እንዲጠየቅና በመልካም እንዲከፈል ታዝዟል፤ ይህም ከጌታ የሆነ ማቃለልና እዝነት መሆኑ ተነግሯል። ቁጥሩ 179 የሆነው ተከታዩ አንቀጽ በቂሷስ ውስጥ ሕይወት እንዳለ ሲናገር ሙፈሲሮች ሁለት ነገር አይተውበታል። አንደኛው፣ ሊገድል ያሰበ ሰው እንደሚገደል ሲያውቅ እጁን ይሰበስባል፤ በዚህም ሁለት ነፍስ ይተርፋል። ሁለተኛው፣ ባልገደለ ሰው ላይ ይወርድ የነበረው የጎሳ ሰይፍ ይከለከላል። በእኛ አገር ልማድ ሁለተኛው ትርጉም ከመጀመሪያው ባልተናነሰ ሊሰበክ ይገባው ነበር።

ቂሷስን ከሌሎቹ የሚለየው ትልቁ ነገር ግን ሥልጣኑ ያለበት ቦታ ነው። ሱረቱ አል-ኢስራእ አንቀጽ 33 በግፍ ለተገደለ ሰው ወልይ ሥልጣን እንደተሰጠው ይናገራል፤ ወዲያውም በመግደል ወሰን እንዳያልፍ ያስጠነቅቀዋል። ከዚህ በመነሣት ፉቀሃእ የቂሷስ መብት በዋናነት የሰው መብት እንደ ሆነ ተናግረዋል። ቃዲው ይመረምራል፣ ማስረጃ ይሰማል፣ ይፈርዳል፤ መግደልን የመጠየቅ ወይም የመተው ውሳኔ ግን የወልዩ-ደም፣ ማለትም የሟች ወራሾች ነው። በሻፊዒና በሐንበሊ መዝሀቦች ወልዩ ከቂሷስና ከዲያ መምረጥ ይችላል። በሐነፊና በታወቀው የማሊኪ ቃል ደግሞ ወደ ዲያ ለመሻገር የገዳዩ ስምምነት ያስፈልጋል። በሻፊዒ፣ በሐነፊና በሐንበሊ መዝሀቦች መብቱ ለወራሾች ሁሉ ነው፤ ሴቶችም ይገቡበታል። ከወራሾቹ አንዱ ይቅር ካለ ቂሷሱ ይወድቃል። ስለዚህ በእነዚህ መዝሀቦች ዘንድ ልጇ የተገደለባት እናት ከፍርዱ ውጭ ቆማ የምታለቅስ ተመልካች አይደለችም፤ ከደሙ ባለቤቶች አንዷ ናት።

የአገራችን ሕግ የቆመበት ቦታ

በኢትዮጵያም ቢሆን የደም ባለቤትነት ሐሳብ እንግዳ አይደለም። በቀድሞው ሥርዓት ነፍሰ ገዳይ ከተፈረደበት በኋላ ለሟች ቤተሰብ ተላልፎ ይሰጥ ነበር፤ ቤተሰቡም የደም ዋጋ ተቀብሎ መልቀቅን ወይም መግደልን ይመርጥ ነበር። ዘመናዊው ሕግ ይህን ሥልጣን ከቤተሰቡ ወስዶ ለመንግሥት ሰጠ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ሆነ እሱን የተካውና ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕግ በዚህ መንገድ የሄዱ ናቸው።

በሥራ ላይ ያለው ሕግ አንቀጽ 539 ከባድ የግፍ አገዳደልን በዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ወይም በሞት ይቀጣል። አንቀጽ 117 ደግሞ የሞት ቅጣትን አጥብቦታል። ቅጣቱ የሚወሰነው ወንጀሉ ፍጻሜ ያገኘ፣ ወንጀለኛው እጅግ አደገኛ፣ ወንጀሉን ሲፈጽምም 18 ዓመት የሞላው ሲሆንና ቅጣቱን የሚያቀልል ምንም ምክንያት ሳይኖር ነው፤ ርእሰ ብሔሩ ካላጸደቀውም አይፈጸምም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 15 ማንም ሰው በሕግ በተደነገገ ከባድ የወንጀል ቅጣት ካልሆነ በቀር ሕይወቱን እንደማያጣ ይናገራል። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳንም ቅጣቱን ላልሰረዙ አገሮች እጅግ ከባድ በሆኑ ወንጀሎች ላይ ብቻ ይወስነዋል። በተግባርም ፍርዱ ይፈረዳል እንጂ እምብዛም አይፈጸምም። በ1990 ዓ.ም. የሜጀር ጄኔራል ሀየሎም አርአያ ገዳይ፣ በሐምሌ 1999 ዓ.ም. ደግሞ የደኅንነት ኃላፊ የነበሩት የክንፈ ገብረመድኅን ገዳይ በሞት ተቀጥተዋል፤ ከዚያ ወዲህ በፍርድ ቤት ውሳኔ የተፈጸመ የሞት ቅጣት አልተሰማም።

የሸሪዓ ፍርድ ቤቶቻችን በዚህ ጉዳይ ሥልጣን የላቸውም። በ1992 ዓ.ም. የጸናው የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 188 ሥልጣናቸውን በጋብቻ፣ በፍቺ፣ በቀለብ፣ በውርስ፣ በወቅፍና በመሳሰሉት ወስኖታል፤ እሱም ተከራካሪዎች ሲስማሙ ነው። እንግዲህ በሚንበር ላይ «ቂሷስ ይፈጸም» የሚል ኢማም በሥራ ላይ ያለ ሥርዓት እየጠራ አይደለም። የሚጠራው አንቀጽ 539ን ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማቅረብ የመጀመሪያው ስሕተት ነው።

የድጋፉ ሙግት ሲመረመር

የሞት ቅጣትን የሚደግፉ ወገኖች ሦስት ማስረጃ ያቀርባሉ። አንደኛው ከላይ ያየነው የቂሷስ አንቀጽ ነው። አንቀጹ የነፍስን ክብር ያጸናል፤ ገዳይም በመርሕ ደረጃ በነፍሱ ተጠያቂ እንደሚሆን ያሳያል። ይህን ማንም ሙስሊም አይክድም። ይሁን እንጂ አንቀጹ ሥልጣን የሰጠው ለወልዩ ነው፤ በዚያው እስትንፋስም የይቅርታን በር ከፍቷል። ወልዩ ይቅር ቢል የማይቀርን፣ ወልዩ ቢጠይቅም የማይፈጸምን የመንግሥት ቅጣት በዚህ አንቀጽ ስም መጥራት ግማሹን አንብቦ ግማሹን መተው ነው። በዚህ ላይ የማስረጃው ጉዳይ አለ። የፉቀሃእ ብዙኃን ቂሷስን በኑዛዜ ወይም በሁለት ፍትሐዊ ምስክሮች ያጸኑታል፤ በቀሳማ ላይ ያላቸው ልዩነት የታወቀ ነው። በአካባቢ ሁኔታ ማስረጃ ብቻ የተፈረደ ሞት በእነሱ ሚዛን ቂሷስ አይባልም። ከዚህም በላይ የብዙኃኑን ቃል ሳይነካ ወደ አገር ሕግ ልሸከመው የሚል ሰው፣ ሙስሊም ሙስሊም ያልሆነውን ሲገድል ብዙኃኑ ቂሷስን እንደማይሉ፣ ሐነፊዎች ግን ነፍስ በነፍስ ነው ብለው እንደሚፈርዱ አውቆ መልስ ሊያዘጋጅ ይገባል። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ግቢ በሚኖርባት ባሕር ዳር ይህ የመጽሐፍ ጥያቄ ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው ማስረጃቸው ማስፈራራት ነው፤ ገዳይ ካልተገደለ ግድያ ይበዛል ይላሉ። ቅጣት ሰውን እንደሚገታ እሙን ነው። የክርክሩ ነጥብ ግን የሞት ቅጣት ከዕድሜ ልክ እስራት አብልጦ ይገታል ወይ የሚለው ነው። በዚህ ላይ የዩናይትድ ስቴትስ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 የሦስት ዐሥርት ዓመታት ጥናቶችን መርምሮ፣ ጥናቶቹ ቅጣቱ ግድያን ይቀንሳል፣ ይጨምራል ወይም አይነካም ለማለት እንደማያበቁ ደምድሟል። የባሕር ዳሩን ጉዳይ ብንወስድም አንቀጽ 539 በዚያን ጊዜ በሥራ ላይ ነበር። በመጽሐፍ ላይ የተጻፈ ሞት ያቺን ሕፃን አላዳናትም። የሕዝቡ ቁጣ ሞትን ይጥራ እንጂ ከሥሩ ሲታይ ሕፃናትን የሚጠብቅ ጎረቤት፣ ሳይዘገይ የሚመረምር ፖሊስና እናትን ሰምቶ ምክንያቱን የሚያስረዳ ችሎት የሚጠይቅ ነበር ብለን እናምናለን። ኢማሙ ለዚህ ጥያቄ ቃል ሊሰጠው ሲገባ በገመድ ጥያቄ ቢለውጠው የተጠየቀውን አልመለሰም።

ሦስተኛው ማስረጃቸው ከሁሉ ይበረታል። በቡኻሪ እንደተዘገበው አንድ ልጅ በተንኮል፣ ማለትም በጊላ፣ በተገደለ ጊዜ ኸሊፋ ዑመር (ረ.ዐ.) በግድያው የሰንዓ ሰዎች ሁሉ ቢተባበሩበት ኖሮ ሁሉንም እንደሚገድሏቸው ተናግረዋል። ማሊኪዎችም የጊላ ግድያ እንደ ሒራባ የሚታይ ነው፤ የወልዩ ይቅርታ አይገባበትም፤ ፍርዱ የኢማሙ ነው ይላሉ። ስለዚህ ሕፃን ያታለለ ገዳይ በዚህ ሚዛን የሕዝብ ጠላት ነው፤ መንግሥት ቢገድለው ሸሪዓዊ መነሻ አለው የሚል ሙግት ሊቀርብ ይችላል። ይህን ሙግት አናጣጥለውም። ሁለት ነገር ግን እናስተውል። በአካባቢያችን ደርስ የሚሰጥባቸው ሻፊዒና ሐነፊ መዝሀቦች ጊላን ከሌላው የዐምድ ግድያ አይለዩም፤ ይቅርታውም የወልዩ እንደ ሆነ ይቀራል። ደግሞም ሙግቱን የተቀበለ ሰው የሚናገረው ስለ ሕዝብ ደኅንነት ሥልጣን ነው፤ የቂሷስ አንቀጽን ጥላ ማድረጉን መተው አለበት። የሕዝብ ደኅንነት ሥልጣን በተሰጠው እጅ ታማኝነት ይለካልና ቀጥለን ወደምናየው ታሪክ ይመራናል።

የተቃውሞው ሙግት ሲመረመር

የሚቃወሙትም ሦስት ማስረጃ አላቸው። የመጀመሪያው እዝነት ነው። አነስ (ረ.ዐ.) እንዳወሩትና አቡ ዳውድ እንደዘገቡት፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የቂሷስ ጉዳይ ሲቀርብላቸው ይቅር እንዲባል ያዙ ነበር። ይህ ጽኑ ማስረጃ ነው፤ ነገር ግን ነብዩ ይቅርታን የጠየቁት ማንን ነበር? የተበደለውን ወገን ነው። መብቱ የእሱ ባይሆን ኖሮ መጠየቁ ትርጉም አይኖረውም ነበር። «እስልምና የይቅርታ ሃይማኖት ነው» ብሎ የሟችን ቤተሰብ ሳይጠይቅ ይቅር የሚል ሰው የሌላውን ገንዘብ መጽውቶ የቸርነትን ስም እንደሚወስድ ሰው ነው።

ሁለተኛው ማስረጃቸው ከዑመር (ረ.ዐ.) የረሃብ ዓመት የተወሰደ ነው። ኸሊፋው በዚያ ዓመት የሌባን እጅ መቁረጥ አቁመዋልና የሞት ቅጣትም በዘመናችን ሁኔታ ሊቆም ይችላል ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 ጣሪቅ ረመዷን በአካል ቅጣትና በሞት ቅጣት ላይ እገዳ እንዲደረግ ጥሪ ሲያቀርቡ ተመሳሳይ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ማመሳሰያው ግን ሙሉ አይደለም። በረሃብ ዓመት ሌባው በችግር ተገፍቶ ሊሆን ይችላልና ሹብሃ ገብቷል፤ ሑዱድ ደግሞ በሹብሃ ይገፈተራል። ቂሷስ ግን የሰው መብት ነው። የአላህን መብት በሹብሃ ማቆም አንድ ነገር ነው፤ የሰውን መብት ያለ ፈቃዱ ማገድ ሌላ ነገር ነው። ከጥሪው የሚጠቅመን ሌላው ክፍሉ ነው፤ ሁኔታዎች ሳይሟሉ የሚፈጸም ቅጣት በድሃውና ደካማው ላይ ይበረታል የሚለው ነው። ይህ ወደ ሦስተኛው ማስረጃ ያደርሰናል።

ሦስተኛው ስሕተትን መፍራት ነው፤ ከተቃውሞው ሙግቶችም ጽኑው እሱ ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንኳን ሰው እንደ ሆኑ፣ ከተከራካሪዎች አንዱ አንደበተ ርቱዕ ሊሆን እንደሚችልና በሰሙት እንደሚፈርዱ ተናግረዋል፤ ሐዲሱ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ነው። ነብይ ይህን ካሉ የእኛ ችሎት ምን ይበል? የታሰረ ሰው ስሕተት ሲገለጥ ይፈታል፤ የተገደለ አይመለስም። ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። ከጣና ዳር ወደ አየር ማረፊያችን የሚሄድ ሰው የደጃዝማች በላይ ዘለቀን ስም ያነባል። እኚህ አርበኛ በ1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስቅላት የሞቱት በመንግሥት ፍርድ ነው። ዛሬ ያው አገር በስማቸው አየር ማረፊያ ሰይሟል። ስለ ጥፋታቸው የታሪክ ሰዎች ይከራከሩ፤ ፍርዱን የሰጠው ትውልድና ስሙን የጻፈው ትውልድ በአንድ ሰው ላይ ሁለት ብይን እንደሰጡ ግን ግልጽ ነው። ሁለተኛው ብይን ለሟቹ አልደረሰላቸውም።

ከሥልሳዎቹ እስከ 2003 ዓ.ም.

የሕዝብ ደኅንነት ሥልጣን ታማኝ እጅ ይሻል ብለን ነበር። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎችን፣ ከእነሱም ውስጥ የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች አክሊሉ ሀብተወልድንና እንዳልካቸው መኮንንን፣ ያለ ፍርድ ረሸነ። ውሳኔው ለአብዮቱ ደኅንነት ተብሎ የተሰጠ የፖለቲካ ውሳኔ ነበር። ከዚያ የቀይ ሽብር ዓመታት ተከተሉ። መንግሥት የነፍስ ባለቤት ነኝ ሲል ምን እንደሚሆን ይህ አገር በራሱ ሥጋ ተምሯል።

የደርግ ባለሥልጣናት በተራቸው ለፍርድ ቀረቡ። ችሎቱ በ1987 ዓ.ም. ተጀምሮ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. የጥፋተኝነት ውሳኔ ተሰጠ። በጥር ወር የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደ፤ በግንቦት 2000 ዓ.ም. ግን የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በይግባኝ በኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና በከፍተኛ ሹማምንቶቻቸው ላይ የሞት ፍርድ ሰጠ። ከዚያ በኋላ የአገሪቱ የሃይማኖት መሪዎች ለተፈረደባቸው ሰዎች ይቅርታ እንዲደረግ ጠየቁ፤ የሙስሊሙን ማኅበረሰብ ወክለው የቀረቡትም በመካከላቸው ነበሩ። በግንቦት 2003 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ የ23 ሰዎችን የሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ለወጡ። በሚቀጥለው ዓመት መባቻ ከእነሱ በርካቶቹ በአመክሮ ወጡ።

ውሳኔው ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 ጋር ይስማማል፤ አንቀጹ በሰው ዘር ላይ በተፈጸሙ ወንጀሎች ይቅርታና ምሕረትን ይከለክላል፤ የሞት ፍርድን ወደ ዕድሜ ልክ እስራት መለወጥን ግን ለርእሰ ብሔሩ ይተዋል። እኛ የምንጠይቀው በራሳችን ወገን ሚዛን ነው። የሃይማኖት መሪዎች ለምሕረት መነሣታቸው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ጥያቄው የቀረበው ለመንግሥት ነበር፤ የእያንዳንዱ ሟች ቤተሰብ ፈቃድ የውሳኔው ቅድመ ሁኔታ አልነበረም። ከተጎጂ ቤተሰቦች መካከል ቅር የተሰኙ ነበሩ፤ በሸሪዓ ሚዛን ቅሬታቸው የቂመኛ ቅሬታ ተብሎ አይናቅም፤ የመብት ባለቤት ቅሬታ ነው።

ለዚህ ተቃራኒ የሚመስል ማስረጃ እንዳለ አንዘነጋም። ዑመር (ረ.ዐ.) በተገደሉ ጊዜ ልጃቸው ዑበይዱላህ ሁርሙዛንን ገደለ። ኸሊፋው ዑስማን (ረ.ዐ.) ሁርሙዛን ወልይ የሌለው ነውና ወልዩ እኔ ነኝ ብለው ዲያውን ከገንዘባቸው ከፈሉ፤ ዐሊይ (ረ.ዐ.) ግን ቂሷስ ይገባዋል ይሉ እንደነበር የታሪክ ጸሐፍት ያወራሉ። ይህ ታሪክ መሪ ይቅር ሊል እንደሚችል ያሳያል፤ ሁለት ቅድመ ሁኔታ ግን ይዟል፤ ሟቹ ወልይ ማጣቱና መሪው ካሣውን መክፈሉ። የቀይ ሽብር ሟቾች ወልይ አላጡም፤ ብዙዎቹ እናቶች የልጆቻቸውን ፎቶግራፍ ይዘው በሕይወት ነበሩ።

የወልዩም ሥልጣን ወሰን አለው

እስካሁን ያልነው የወልዩን ሥልጣን ያለ ገደብ ያወደሰ እንዳይመስል ሌላውን ወገን እናንሣ። በፓኪስታን እ.ኤ.አ. በ1990 የጀመረው የቂሷስና የዲያ ሕግ ወልዩ ይቅር ሲል ገዳዩ የሚለቀቅበትን መንገድ ከፈተ። «ለክብር» ሲባል እኅቱን የገደለ ወንድም በአባቱ ይቅርታ ነጻ የሚወጣበት ጊዜ በዛ፤ ገዳዩም ወልዩም አንድ ቤት ነበሩና። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው ማሻሻያ እንዲህ ባለ ግድያ ቤተሰብ ይቅር ቢልም የዕድሜ ልክ እስራት እንዲቀር አላደረገም።

በእኛም አገር ተመሳሳይ አደጋ አለ። በሽምግልና ደም ማድረቅ ትልቅ ጸጋ ነው፤ በወሎ አበጋሮች፣ በየአካባቢውም ሽማግሌዎች የብዙ ትውልድ ደም አቁመዋል። ሆኖም ሽማግሌ ደጅ ሲያድር፣ ድንጋይ ተሸክሞ ሲለምን፣ ጎረቤት ሁሉ «እሺ በይ» ሲል፣ የሟች ሚስት ወይም እናት ይቅር ማለቷ በፈቃዷ ነው ወይስ በእፍረት? በግፊት የተገኘ ዐፍው ዐፍው እንዳልሆነ ፉቀሃእ በግዴታ ስለሚፈጸም ውል ከተናገሩት መረዳት ይቻላል። በተጨማሪም ወልዩ ይቅር ቢል እንኳ መሪው ለሕዝብ ደኅንነት ሲል በተዕዚር ሊቀጣ እንደሚችል ብዙ ፉቀሃእ ፈቅደዋል። እስራት የሚቀርበት ምክንያት የለም። ስለዚህ ይቅርታ የሚያስቀረው ሰይፉን ነው እንጂ ፍርድን በሙሉ አይደለም።

በዚህ ላይ የአገራችን ሕግ ያልተጠቀምንበት ክፍተት አለው። አንቀጽ 82 ከልብ መጸጸትንና የደረሰውን ጉዳት በተቻለ መጠን መካስን ቅጣትን ከሚያቀልሉ ምክንያቶች ይቆጥራል፤ አንቀጽ 117 ደግሞ ማቅለያ ባለበት ሞት አይወሰንም ይላል። ሁለቱ ሲነበቡ፣ ገዳይ ከልቡ ተጸጽቶ የከፈለው ካሣና የሟች ቤተሰብ በፈቃዱ የሰጠው ይቅርታ በችሎት ፊት ክብደት ሊያገኝ የሚችልበት በር ይታያል። ይህ ቂሷስ አይደለም፤ ይሁን እንጂ የደሙ ባለቤት ድምፅ በመንግሥት ችሎት የሚሰማበት አንድ መንገድ ነው። ስለዚህ በር ለምእመናን ማስተማር ኢማሞች ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ ነው።

በሚንበር ላይ ምን እንበል?

ጥያቄው ነገ ተመልሶ ይመጣል። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል። በክልላችንም በሌሎችም ስፍራዎች ደም ፈስሷል፤ አንድ ቀን ከፊሉ «ይሰቀሉ» እንድንል፣ ከፊሉ «ይቅር በሉ» እንድንል ወደ እኛ መምጣቱ አይቀርም። በዚያን ቀን መልሳችን በሙስሊም የተዘገበውን የዋኢል ኢብን ሑጅርን ሐዲስ ቢመስል እንመርጣለን።

አንድ ሰው የወንድሙን ገዳይ በጠፍር እየጎተተ ወደ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጣ። ነብዩ ገዳዩን ጠየቁት፤ አመነ። የሚከፍለው እንዳለው ጠየቁት፤ ከልብሱና ከመጥረቢያው በቀር ምንም አልነበረውም፤ ወገኖቹም አይቤዡትም። ያን ጊዜ ነብዩ ጠፍሩን ወደ ሟች ወንድም ወርውረው ሰውዬውን አስረከቡት። ሊሄድ ጀርባውን ሲያዞር ግን ቢገድለው እንደ እሱ እንደሚሆን ተናገሩ። ወንድምየው ይህን ሰምቶ ተመለሰ፤ በመጨረሻም ገዳዩን ለቀቀው።

ቅደም ተከተሉን እናጢን። መጀመሪያ ምርመራ ነበር። ቀጥሎ ካሣ ተፈለገ። ከዚያ ጠፍሩ በመብቱ ባለቤት እጅ ገባ። ምክሩ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ የመጣውም መብቱን ለያዘው ሰው ነው። ለድጋፍ የሚሞግተው ወገን ጠፍሩ እስኪሰጥ ድረስ ያነብባል፤ ለተቃውሞ የሚሞግተውም መለቀቁን ብቻ ያነብባል። ሐዲሱ ግን አንድ ነው።

ስለዚህ ለመምህራንና ለኢማሞች የምናቀርበው አደራ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ቂሷስን ለአንቀጽ 539 ማኅተም አናድርገው፤ ጀማዓችንም ደም መመለስን በቂሷስ ስም እንዳይጠራ እናስተምር። ሁለተኛ፣ ስለ አንድ ግድያ ከሚንበር ከመናገራችን በፊት ወደ ሐዘንተኛው ቤት እንሂድ፤ ምን እንደሚፈልግ እንስማ፤ ይቅር በል ብለን ሳንጫን፣ ግደል ብለን ሳናነሣሣ። ሦስተኛ፣ በሌላው ስም ለመንግሥት ምሕረት ከመጠየቃችን በፊት የደሙን ባለቤቶች እንጠይቅ፤ እንቢ ካሉም እንቢታቸውን ከጥያቄያችን ጋር አብረን እናቅርብ።

ለዚያ ተማሪያችን «ስለ ምን ዝም ይላሉ?» ላለው የምንመልሰው ይህን ነው፦ ዝም ማለት አይገባንም ነበር፤ ልንናገር የሚገባን ግን ስለ ገመዱ ከመናገራችን በፊት ስለ እናቲቱ ነው። ለሁለተኛውም የምንመልሰው ከዚህ የራቀ አይደለም፦ ዐፍው ውድ ነው፤ ውድነቱም ከእሷ በቀር ማንም ሊሰጠው ስለማይችል ነው።

ወላሁ አዕለም።